ጉግል ላይ ለመገኘት የትኛው አወቃቀር፣ የትኛው ይዘት ያዋጣል?

ድረ ገጽ የሚሠራላችሁ ባለሙያ «ኤስኢኦውንም (ድረ ገጹ ጉግል ፍለጋ ላይ እንዲገኝ የማድረጉን ሥራ) አብሬ እሠራዋለሁ» ሲላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ በኋላ ለመቀየር የሚያስቸግረው የቱ ነው?» በሉት። መልስ ካለው ሥራውን ያውቃል። «ግድ የለም፣ ሁሉንም ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» ካለ ግን ተጠንቀቁ።

የአንድ ገጽ ርዕስ አልሠራ ካለ ዛሬ ማታ ይቀየራል። አንድ አንቀጽ ደካማ ከሆነ እንደገና ይጻፋል። የዶሜይን ስም (የድረ ገጹ ዋና አድራሻ)፣ የቋንቋዎች አቀማመጥና የሊንክ አጻጻፍ ግን ሌላ ጣጣ ናቸው። ሰዉ ሊንኩን በቴሌግራም ተቀባብሎታል። ሌሎች ድረ ገጾች ጠቅሰውታል። ጉግልም በዚያው አድራሻ መዝግቦታል። ያኔ መቀየር ይቻላል፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው ከሚያስቸግረው ጀምሬ ወደ ቀላሉ እየሄድኩ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ስለ ቁልፍ ቃል (ሰው ጉግል ላይ ስለሚጽፈው ቃል) ሲጨነቅ ይከርምና ዶሜይኑን በአምስት ደቂቃ ይወስናል።

ሁለት ዓይነት ሥራ እንደ ምሳሌ እንያዝ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ደንበኛው በርሊን ወይም ቶሮንቶ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። ሌላው የጥርስ ክሊኒክ ነው። የዚህኛው ደንበኛ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ስልኩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጽፋል፤ አንዳንዴም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይመታዋል። ለአንዱ ትክክል የሆነው ምርጫ ለሌላው የማይሆንበት ቦታ ብዙ ነው።

ድረ ገጽ፣ ቴሌግራም ወይስ ጉግል ማፕ?

«ፌስቡክ አለን፣ ቴሌግራም አለን፤ ድረ ገጽ ምን ይጨምርልናል?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም በዋናነት የሚያገለግሉት ቀድሞ ለሚያውቃችሁ ሰው ነው። ፖስቱ ዛሬ ይታያል፣ በሳምንቱ ከሥር ይቀበራል። ጉግል ላይ «ቦሌ አካባቢ የጥርስ ሐኪም» ብሎ የሚፈልገው ሰው ግን አያውቃችሁም። ጥርሱን እያመመው ነው፤ የሚፈልገው ስልክ ቁጥርና አቅጣጫ ነው።

ለክሊኒኩ ምርጫዬ ቁርጥ ያለ ነው። ከድረ ገጹ በፊት ጉግል ማፕ ላይ የንግድ መገለጫ ይከፈት። ነፃ ነው። ሰው በአቅራቢያው ያለ አገልግሎት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ከላይ የሚመጣለት ካርታው ነው። የዚህ ዓይነቱ ውጤት ደረጃ የሚወሰነው በዋናነት በሦስት ነገር መሆኑን ጉግል ራሱ ይናገራል። ከተፈለገው ነገር ጋር መገጣጠም፣ ርቀትና ታዋቂነት ናቸው። ርቀቱን አትቀይሩትም። የሥራ ዘርፉን በትክክል መምረጥ፣ ፎቶ ማስገባትና ታካሚዎች አስተያየት እንዲጽፉ መጠየቅ ግን በእጃችሁ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የሥራ ሰዓት አሞላል። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይሠራል እንበል። ቅጹ ላይ 2:30 እና 11:30 ብሎ የሞላ ሰው ለጉግል የነገረው ክሊኒኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው ብሎ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚፈልግ ሁሉ «ዝግ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያያል። መሞላት ያለበት 8:30 እና 17:30 ነው። ድረ ገጹ ላይ ለሰው የሚነበበውን በእኛ ሰዓት ጻፉ። ማሽን የሚያነበው ሁሉ፣ ሰዓትም ቀንም፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን።

ለአስጎብኚው ማፕ ብቻውን አይበቃም። በርሊን ያለው ሰው የሚጠይቀው ቢሯችሁ የት እንደሆነ አይደለም። ላሊበላ ስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ሆቴል ስንት ወር ቀድሞ መያዝ እንዳለበት ነው። ይህን የሚመልስ ገጽ ያስፈልጋል። ገጹም የራሳችሁ ቤት ውስጥ መሆን አለበት።

ዶት ኮም ወይስ ዶት ኢቲ

ጉግል የአገር መለያ ያለውን ዶሜይን «ይህ በተለይ ለዚያ አገር ሰዎች ነው» ብሎ ይገምታል። ለክሊኒኩ ይህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይስማማዋል። ለአስጎብኚው ግን ዶት ኮም ይሻላል፤ ገበያው ውጭ ነውና። ከዚህ በላይ አትጨነቁበት። ዶሜይኑ ውስጥ «ቱር» ወይም «ዴንታል» የሚል ቃል መኖሩ በራሱ ደረጃ አያሻሽልም። በስልክ ሲነገር የማያሳስት፣ አጭር ስም ምረጡ። ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበም አሁኑኑ አረጋግጡ። ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ስም ከሆነና ልጁ ስልክ ማንሳት ካቆመ፣ የትኛውም የኤስኢኦ ምክር አያድናችሁም።

ሁለት ቋንቋ እንዴት ይቀመጥ?

የእኛ አገር ድረ ገጾች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የመጀመሪያው አማራጭ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ማደባለቅ ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ፣ ሐተታው በአማርኛ፣ ሜኑው ግማሽ በግማሽ። ለሚያነበው ሰው ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ ሁላችንም ስናወራ እንደዚያው ነን። ጉግል ግን ገጹ በምን ቋንቋ እንደሆነ የሚወስነው ሲታይ በሚነበበው ጽሑፍ ነው። ግማሽ ግማሽ የሆነ ገጽ ለየትኛው ፈላጊ እንደሚቀርብ ያደናግረዋል።

ሁለተኛው ከላይ ባለው ቁልፍ ቋንቋ የሚቀያየርበት፣ ሊንኩ ግን የማይለወጥበት አሠራር ነው። ዲዛይነሮች ይወዱታል፤ ሲታይም ያምራል። ችግሩ ጉግል ቁልፍ አለመጫኑ ነው። በአንድ ሊንክ አንድ ገጽ ያያል። መጀመሪያ የሚከፈተው እንግሊዝኛው ከሆነ አማርኛው ለጉግል የለም። ስንት ሰዓት ፈጅታችሁ የጻፋችሁት አማርኛ ነው እንግዲህ ሳይመዘገብ የሚቀረው።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ብልሃት አለ። ጎብኚው ያለበትን አገር አይቶ በራሱ የሚቀይር። ከኢትዮጵያ የገባ አማርኛ፣ ከውጭ የገባ እንግሊዝኛ ይከፈትለታል። ብልህ ይመስላል። ነገር ግን ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ሮቦት በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እንግሊዝኛውን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ሦስተኛው ለየቋንቋው የራሱ ሊንክ መስጠት ነው። ይህኛው ነው የሚያዋጣው። አቀማመጡ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ በንዑስ ዶሜይን (am.example.com እንደሚለው)፣ ወይ በአንዱ ዶሜይን ሥር በተለያየ ፎልደር (example.com/am እንደሚለው)። ጉግል ሁለቱንም ይቀበላል። ለትንሽ ድርጅት ግን ፎልደሩን እመርጣለሁ። አንድ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር)፣ አንድ ቅንብር፣ አንድ የሚጠበቅ ቤት ነው። ንዑስ ዶሜይን ትርጉም የሚኖረው ሁለቱን ቋንቋ ሁለት የተለያየ ቡድን ሲያስተዳድረው ነው።

ሊንኮቹ ሲለያዩ ኤችሬፍላንግ የሚባለውን ምልክት ጨምሩበት። ለጉግል «ይህ ገጽ በአማርኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው አቻው እዚያ ጋ አለ» የሚል መልእክት ነው። አንድ ሕግ አለው። መጠቋቆሙ ከሁለቱም ወገን መሆን አለበት። አማርኛው እንግሊዝኛውን ጠቁሞ እንግሊዝኛው ዝም ካለ ጉግል ነገሩን ችላ ይለዋል።

ሁሉም ገጽ በሁለት ቋንቋ ይኑር ወይ? አይደለም። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አማርኛው ስለ ድርጅቱ የሚገልጽና ለአገር ውስጥ ተጓዥ የተዘጋጀ ጥቂት ገጽ ይበቃዋል። ክሊኒኩ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ዋናው አማርኛ ይሁንና ዋጋና ቀጠሮን የሚመለከቱት ገጾች በእንግሊዝኛም ይኑሩ። ክረምት ላይ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የሚመጣ ሰው «እግረ መንገዴን ጥርሴን ልታከም» ብሎ ከመነሳቱ በፊት ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በእንግሊዝኛ።

ድረ ገጹ ላይ ተጨምሮ በራሱ የሚተረጉም ፕለጊንስ? ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። እንደ መነሻ ረቂቅ ተጠቀሙበት። ሰው ሳያየው ግን አትልቀቁት። የሕክምና ጽሑፍ ላይ አንድ የተሳሳተ ቃል ታካሚ ያሳስታል። በዚያ ላይ ማንም ያላየውን ትርጉም በገፍ መልቀቅን ጉግል እንደ ስፓም ሊቆጥረው ይችላል።

የሊንኩ ፊደል፦ ግዕዝ ወይስ ላቲን?

ጉግል በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሊንክ ያለ ችግር ያነባል። የአማርኛው ውክፔዲያ ሊንኮች እንደዚያ ናቸው፤ ፍለጋ ላይም ይመጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው የደረጃ ጉዳይ አይደለም። ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ የሚሆነውን ማየት ነው።

አንድ የግዕዝ ፊደል ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል። ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ፊደል ወይም ቁጥር ይተካል። ስለዚህ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። «የጥርስ ነቀላ ዋጋ» የሚለው 9 ፊደል ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት 81 ምልክት ይወጣዋል፤ በቃላቱ መሀል ያለው ሰረዝ ሳይቆጠር። ማንበብ ቀርቶ ማየት ያስፈራል፤ ቫይረስ ነው ብሎ የማይከፍተው ሰውም አለ። ዎርድፕሬስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ገጽ የሊንክ ስም የሚሰጣችሁ ቦታ 200 ምልክት ነው። በአማርኛ 22 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ይቆረጣል።

ስለዚህ ርዕሱን በአማርኛ፣ ሊንኩን በላቲን ፊደል አድርጉ። ሁለት ሦስት አጭር ቃል ይበቃል። ዓመተ ምሕረትና ቀን ሊንኩ ውስጥ አይግቡ። ዎርድፕሬስ ላይ ገጹን ከመልቀቃችሁ በፊት የሊንኩን ስም በእጃችሁ ሙሉት፤ ካልሞላችሁት ከአማርኛው ርዕስ በራሱ ይሠራዋል።

ድረ ገጻችሁ አስቀድሞ በግዕዝ ሊንክ ከተመዘገበና ሰው ከመጣበት ግን አትነካኩት። ውበት ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት አይደለም።

አንድ ትልቅ ገጽ ወይስ ብዙ ትንንሽ ገጾች

አስጎብኚው ሦስት መንገድ አለው። «ጉዞዎቻችን» በሚል አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም መደርደር። ለየመዳረሻው አንድ ገጽ መስጠት። ወይም ለየጥቅሉ፣ ማለትም «ላሊበላ 2 ቀን»፣ «ላሊበላ 3 ቀን»፣ «ላሊበላና አክሱም 5 ቀን» እያሉ ገጽ መክፈት።

የመጀመሪያው ለጉግል በጣም ሰፊ ነው። ላሊበላን፣ ሰሜን ተራሮችን፣ ኤርታሌንና ኦሞን አንድ ላይ የያዘ ገጽ ለአንዳቸውም የተሻለው መልስ አይሆንም። ሦስተኛው ደግሞ እርስ በርስ ያጋጫል። ሦስቱም የላሊበላ ገጾች ተመሳሳይ ጽሑፍ ይዘው ለአንድ ፍለጋ ይሻማሉ። ጉግል አንዱን ይመርጣል፤ የሚመርጠውም እናንተ የማትፈልጉትን ሊሆን ይችላል።

መሀለኛው ይሻላል። ላሊበላ አንድ ጠንካራ ገጽ ይኑራት፤ የቀን አማራጮቹ በውስጡ ይዘርዘሩ። ጥቅሉ በእርግጥ የተለየ ጥያቄ የሚመልስ ከሆነ ብቻ የራሱ ገጽ ይከፈትለት። ጥምቀት በጎንደር ከተራ የጎንደር ጉብኝት የተለየ ነገር ነው። የሚፈልገውም ሰው ሌላ፣ ወቅቱም ሌላ።

ለክሊኒኩም ሕጉ ያው ነው። ነቀላ፣ ሙሌት፣ የጥርስ ማስተካከያና ኢምፕላንት ሰው ለየብቻ የሚፈልጋቸው ናቸው፤ ለየብቻ ገጽ ይገባቸዋል። ነገር ግን «የጥርስ ሐኪም በቦሌ»፣ «የጥርስ ሐኪም በካዛንቺስ»፣ «የጥርስ ሐኪም በመገናኛ» እያላችሁ የሰፈር ስም ብቻ በመቀያየር ገጽ አታባዙ። ክሊኒኩ ያለው አንድ ቦታ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ገጽ ጉግል በስፓም ደንቡ ውስጥ በግልጽ ከልክሏል። ይህን እንደ ምሥጢር የሚሸጡ ባለሙያዎች ግን ዛሬም አሉ።

ገጾቹ ከተለዩ በኋላ መያያዝ አለባቸው። ከየትም ሊንክ የሌለው ገጽ ጉግል ሊያገኘውም ይቸገራል፣ ቢያገኘውም እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ከመግቢያው ገጽ በሁለት ሦስት ክሊክ ሁሉም ይደረስበት። ስታያይዙም ሊንኩን «እዚህ ይጫኑ» የሚል ቃል ላይ አታድርጉት። «ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር» የሚል ሐረግ ላይ አድርጉት። ጉግል የሚሄድበት ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ከሐረጉ ይረዳል። ዎርድፕሬስ ላይ ለየጽሑፉ አሥር አሥር ታግ (የርዕሰ ጉዳይ መለያ ቃል) መለጠፍም ልማድ ሆኗል። እያንዳንዱ ታግ ባዶ ሊባል የሚችል አዲስ ገጽ ይፈጥራል። ጥቂት ምድብ በቂ ነው፤ ታጉን ብትተዉት የሚጎድል ነገር የለም።

በየዓመቱ አዲስ ገጽ ወይስ አንድ የሚታደስ?

ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል። ብዙዎች በየዓመቱ አዲስ ገጽ ይከፍታሉ፤ ቁጥሩም ሊንኩ ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልፍ ገጹ ይሞታል። የሰበሰበው ሊንክና እምነት አብሮት ይቀራል። አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል።

ሊንኩ ዓመት የማይጠቅስ አንድ ቋሚ ገጽ ይሁን፤ ርዕሱና ቀኑ በየዓመቱ ይታደስ። እዚህ ላይ ለውጭ አንባቢ የሚጠቅም ቁም ነገርም አለ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2024 እንደዚያ ነበር፤ በ2025 ወደ 19 ተመለሰ። ይህችን ልዩነት በትክክል ያስቀመጠ ገጽ የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጥ ለተዘጋጀ ሰው ወርቅ ነው። በዩኔስኮ መዝገብ በ2019 መስፈሩንም ብትጠቅሱ መልካም ነው፤ ብቻ ይህንን ሁሉም ይጽፈዋል።

ይዘቱን ሳይነኩ ቀኑን ብቻ «ዛሬ ታደሰ» ማለት ግን አይጠቅምም። አንባቢውም ያውቅባችኋል።

ጽሑፍ፣ ፖስተር ወይስ ፒዲኤፍ

የዋጋ ዝርዝር በፖስተር መልክ ሠርቶ መለጠፍ የኛ ሰው ትልቅ ፍቅር ነው። ፌስቡክ ላይ ያምራል። ድረ ገጽ ላይ ግን ጉግል በፎቶው ውስጥ ያለውን አማርኛ እንደ ተራ ጽሑፍ ያነብልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ፖስተሩን ከወደዳችሁት ይኑር፤ ከሥሩ ግን ዋጋው በጽሑፍ ይዘርዘር። ፎቶ ስታስገቡም ምን እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አያይዙለት።

ፒዲኤፍ ከፖስተር ይሻላል፤ ጉግል ይከፍተዋል፣ ያነበዋል። የኛ አገር ፒዲኤፍ ግን የራሱ በሽታ አለው። ከዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ከሆነ፣ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተር ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። አማርኛ ከወጣ ደህና ነው። ዝባዝንኬ ከወጣ ጉግልም የሚያየው ያንኑ ዝባዝንኬ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬም ድረስ በድሮው የሚጽፍ ማተሚያ ቤትና ቢሮ አለ። እንዲህ ያለ ሰነድ ካላችሁ እንደገና በዩኒኮድ አስጽፉና ተራ ገጽ አድርጉት። በስልክ ለሚያነብ ሰውም ከፒዲኤፍ ይልቅ ተራ ገጽ ይቀለዋል።

ቪዲዮ ከለቀቃችሁ ከሥሩ ዋና ዋናውን ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ። ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ቪዲዮውን ላይከፍተው ይችላል።

ሐኪም ወይስ ሀኪም?

የአማርኛ ፈላጊ እንደ መዝገበ ቃላት አይጽፍም። ሕመም ህመም ይሆናል፤ ሐኪም ደግሞ ሀኪም። ሁለት አማራጭ አለ። ትክክለኛውን ሆሄ ጠብቆ መጻፍ፣ ወይም ሰዉ በሚመታው መጻፍ።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም አጻጻፍ ጉግል ላይ ሞክሩና የሚመጣውን ውጤት አስተያዩ። አንድ ዓይነት ውጤት ከመጣ አትጨነቁ። ከተለያየ፣ ርዕሱ ላይ ሰዉ የሚመታውን አድርጉ። ሐተታው ውስጥ ሌላኛው አንድ ሁለት ቦታ በተፈጥሮው ቢገባ ችግር የለውም። የፊደል ጠበቆች ይቆጡ ይሆናል፤ እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። ነገር ግን ጥርሱን ያመመው ሰው የሚመጣው በሚያውቀው ሆሄ ነው። ሁሉንም አጻጻፍ በኮማ ደርድሮ ከገጹ ሥር መለጠፍ ግን ያስቀጣል እንጂ አይጠቅምም። «ጥርስ፣ የጥርስ፣ ጥርሴን፣ ጥርሶች» እያሉ መደጋገምም እንደዚያው ነው።

በላቲን ፊደል አማርኛ ለሚመታው ሰው ተብሎ የተለየ ገጽ መሥራት አያስፈልግም። የክሊኒኩ ስም በላቲንም በግዕዝም አንድ ዓይነት ሆኖ በየቦታው መጻፉ ይበቃል።

ብዛት ወይስ ጥልቀት

ዛሬ በኤአይ በአንድ ቀን መቶ ጽሑፍ ማምረት ይቻላል። ፈተናውም እሱ ነው። ጉግል በ2011 ፓንዳ በተባለው ለውጥ ነበር ቀጭን ይዘት የሚያመርቱ ድረ ገጾችን ያወረደው። በማርች 2024 ደግሞ ለፍለጋ ብቻ ተብሎ በገፍ የሚመረት ይዘትን በስፓም ደንቡ ውስጥ አስገብቷል። በሰው ይመረት በማሽን ለውጥ የለውም። ኤአይ መጠቀም በራሱ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ጥቅም የሌለው ክምር ነው።

ታዲያ አስጎብኚው ስለ ላሊበላ ምን ቢጽፍ ይለያል? 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉና በ1978 በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ማንም ይጽፋል። እሱ ግን መንገደኛ እየመራ የሚውል ሰው ነው። ጫማ ሲወልቅ ወፍራም ካልሲ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ቤተ ጊዮርጊስ ከሌሎቹ ለብቻው ስለሆነ በየትኛው ሰዓት ቢሄዱ ብርሃኑ እንደሚያምር ያውቃል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የትኛው መተላለፊያ እንደሚከብደው ያውቃል። ይህንን ኤአይ ከሌላ ሰው ገጽ ካልቀዳ በቀር አያመጣውም። ጉግል ይዘትን ለሚገመግሙለት ሰዎች በሚሰጠው መመሪያ ላይም በዲሴምበር 2022 «የራስ ልምድ» የሚል መለኪያ ጨምሯል።

ክሊኒኩ ላይ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። ጤናን የሚነካ ይዘት በጉግል ዘንድ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይደረግበታል። ስለዚህ ጽሑፉን የጻፈው ወይም ያየው ሐኪም ስምና ሙያ ከጽሑፉ ጋር ይውጣ። በወር አንድ፣ ታካሚዎች በእውነት የሚጠይቁትን ጥያቄ የሚመልስ ጽሑፍ ይበቃል። ጥያቄውን ከየት እናመጣለን ለምትሉ፣ ስልክ የምታነሳዋን ልጅ ጠይቋት። ቀኑን ሙሉ የምትመልሰው ያንኑ ነው።

ብዙ የማያስጨንቁ ነገሮች

ሜታ ኪወርድ የሚባለውን፣ ቁልፍ ቃላት የሚሞሉበትን ሳጥን ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል፤ ዝለሉት። ሜታ ዲስክሪፕሽን (ፍለጋው ላይ ከርዕሱ ሥር የሚወጣው አጭር መግለጫ) ደረጃ አይጨምርም፣ ግን ሰው እንዲከፍታችሁ ስለሚያግዝ ሁለት መስመር ጻፉለት። ስኬማ (መረጃን ለማሽን የሚገልጽ ኮድ) ለክሊኒኩ አድራሻና ሰዓት ጥሩ ነው። ጥያቄና መልሱን ፍለጋው ላይ ዘርግቶ ያሳይ የነበረውን የስኬማ ዓይነት ግን ጉግል በ2023 ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ ስላደረገው፣ እሱን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትቀበሉት።

ፍጥነትን በተመለከተ ጉግል ዋናው የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል። በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በስልክ ዳታ ሞክሩት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከካሜራ እንደወረደ የተጫነ ፎቶ ነው። ጉግል ድረ ገጻችሁን የሚያየውም በስልክ ገጽታው ነው። ኮምፒዩተር ላይ ኖሮ ስልክ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ ካለ ወደ ስልኩም አምጡት።

አሮጌ ድረ ገጽ ላላችሁ

ይህን ሁሉ አንብባችሁ «የእኛማ ተበላሽቷል» ካላችሁ ነገ ጠዋት ማፍረስ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሰርች ኮንሶል የተባለውን የጉግል መሣሪያ ክፈቱ፤ ነፃ ነው። የትኛው ገጽ በየትኛው ቃል ሰው እያመጣ እንደሆነ ያሳያችኋል። ሰው የሚያመጡትን ገጾች ሊንክ እንዳለ ተዉት፤ ይዘታቸውን ብቻ አሻሽሉ። ሰው የማያመጡትንና እርስ በርስ የሚመሳሰሉትን ወደ አንድ ጠቅልሏቸው። የግድ የሚቀየር ሊንክ ካለ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በ301 ሬዳይሬክት (በአሮጌው ሊንክ የመጣን ሁሉ በቋሚነት ወደ አዲሱ በሚያሻግር ትእዛዝ) አያይዙ፤ እያንዳንዱን ወደ ራሱ አቻ እንጂ ሁሉንም ወደ መግቢያው ገጽ አይደለም። ሬዳይሬክቱም ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆይ ጉግል ይመክራል። ሆስቲንግ ስትቀይሩ አዲሱ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህንኑ ስለሆነ ዝርዝሩን በእናንተ እጅ፣ በአንድ ፋይል ላይ ያዙት።